ያ የኋላ በር ይከፈት

ልጄ፣ እንዴት ነሽ?

ትናንት በስልክ ቶሎ የዘጋሁብሽ እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ነው። እሷ የሰማችው «ቆሻሻ መጣያ ተቃጠለ» የሚለውን ብቻ ነው። ዶርማችሁ ውስጥ እሳት ሦስት ጊዜ መነሳቱን አታውቅም። ብታውቅ ዛሬ ማታ መናኸሪያ ነበር የምታድረው። ለዚህ ነው በቴሌግራም የምጽፍልሽ። ረጅም ነው፣ ክፍል ውስጥ ሆነሽ አታንብቢው።

የላክሽልኝን የማስታወቂያ ፎቶ አጉልቼ አነበብኩት። ኮሌጁ «አጠራጣሪ እሳት» ብሎታል። ለዚህ እንኳን ላመስግናቸው። በእኛ አገር እሳት በተነሳ ቁጥር ጥፋተኛው አንድ ነው፤ ኮንታክት። ሱቅ ተቃጠለ፣ ኮንታክት። መጋዘን ተቃጠለ፣ ኮንታክት። ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ ለፈጀሁት ሰውዬ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ኮንታክት የለም አላልኩም። አንድ ሶኬት ላይ ስቶቭ፣ ካውያና የስድስት ልጅ ቻርጀር ከተሰካ ይመጣል። ግን እንደነገርሽኝ ሁለተኛው እሳት የተነሳው መብራት ጠፍቶ ባመሸበት ሌሊት ነው። ያውም የጽዳት ዕቃ በሚቀመጥባት፣ አምፖል እንኳ በሌላት ክፍል። መብራት በሌለበት ኮንታክት ከየት ይመጣል? ሦስተኛው ደግሞ ኮሪደር ላይ ከተጣለ አሮጌ ፍራሽ ነው የጀመረው። ፍራሽ በራሱ አይቀጣጠልም። ሲጋራ ጥሎ የሄደ ይኑር፣ ሆን ብሎ ክብሪት የጫረ ይኑር፣ ያን የሚለየው መርማሪ ነው።

መርማሪ ስል አንድ ነገር አናደደኝ። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት የተቃጠለውን ቦታ አጥበው ቀለም ቀቡት አልሽ። ምን አስቸኮላቸው? እሳት የት እንደጀመረ የሚታወቀው ከግድግዳው ጥቁረትና ከወለሉ አመድ ነው። ቤንዚን ወይም ጋዝ ፈስሶ ከነበረ ምልክቱ የሚገኘው እዚያው ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደማጽዳት አድርገውታል። አራተኛ እንዳይኖር እግዚአብሔርን እለምናለሁ፤ ከኖረ ግን ማንም ሳይነካው በየአቅጣጫው ፎቶ አንሺ።

ስቶቩንና ሂተሩን መሰብሰባቸው ልክ ነው። ቅር አይበልሽ፣ ሻይሽን ካፌ ጠጪ። ጥበቃ መጨመራቸውም ደግ ነው። ሰውነቴን ውርር ያደረገኝ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ያለችው መስመር ናት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የኋላው ደረጃ በር በሰንሰለት ይቆለፋል፣ ቁልፉ ፕሮክተሯ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) ዘንድ ይሆናል ትላለች። ምክንያቱ «የውጭ ሰው እንዳይገባ» ነው።

እስቲ አብረን እናስብ። ብሎካችሁ ባለ አራት ፎቅ ነው። መስኮቶቹ በፌሮ ታጥረዋል። ሁለት ደረጃ አለው፣ አንዱን ዘጉት። እሳቱን የሚያስነሳው ሰው ከውጭ የሚገባ ከሆነ እሺ፣ በሩ ያስቆመው ይሆናል። ውስጥ የምትኖር ከሆነችስ? ከእናንተ ጋር ቆለፉባት ማለት ነው። እሳቱ በዋናው ደረጃ በኩል ቢነሳ ያን ሁሉ ልጅ በየት ሊያስወጡ ነው? ፕሮክተሯስ የት ነው የምትተኛው? ለሽንት ወጣ ብትልስ?

ይህን የምለው ላስፈራሽ ፈልጌ አይደለም፤ ሌላ አገር ስለደረሰ ነው። ኬንያ ውስጥ፣ ማቻኮስ አካባቢ፣ ክያንጉሊ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 ሌሊት ላይ የወንዶቹ ዶርም ቤንዚን ተርከፍክፎበት ተቃጠለ። 67 ተማሪዎች ሞቱ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ነበሩ፣ ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር። ደቡብ አሜሪካ፣ ጉያና ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ማህዲያ በምትባል ከተማ የልጃገረዶች ዶርም ተቃጠለ። እሳቱን አስነሳች የተባለችው እዚያው የምትኖር ተማሪ ናት፤ ስልኳ ስለተወሰደባት ተናዳ ነበር ተባለ። በሩ ግን ሌሊት የሚቆለፈው ልጆቹን ለመጠበቅ ተብሎ ነበር። ተቆጣጣሪዋ በድንጋጤ ቁልፉን ማግኘት አቃታት። 20 ልጆች ሞቱ። በሁለቱም ቦታ እሳቱን ለኮሱ የተባሉት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። ያን ያህል ሰው የፈጀው ግን የተዘጋው መውጫ ነው። ዲናችሁ ይህን ቢያውቅ ሰንሰለቱን በገዛ እጁ የሚፈታው ይመስለኛል። ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ ተደናግጦ ነው።

ፍራሹንም ቀላል አድርገሽ አትዪው። የእናንተ ፍራሽ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳይናይድ የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ይወጡታል። ሞኖክሳይድ ያው ከሰል አቀጣጥለው፣ ቤት ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ነው። ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። በእሳት አደጋ ብዙውን ሰው ነበልባሉ ሳይደርስበት ጭሱ ነው የሚገድለው። ስለዚህ ያረጁትን ፍራሾች ከኮሪደር ያንሱ። ዕቃ ቤት የለንም ቢሉ ሜዳው ላይ ይከምሩት፣ ዝናብ ይምታው።

ደወሉን በተመለከተ የነገርሽኝ አሳስቦኛል። ልጆች እየቀለዱ ስለሚነኩት አንነሳም አልሽ። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነበር። በሐሰት ደወል የተሰላቹ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2000፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ሲጮህ ብዙዎቹ ያው ቀልድ ነው ብለው ተኙ። ሦስት የአንደኛ ዓመት ልጆች ሞቱ፣ ከ50 በላይ ተጎዱ። ሕንፃው ጣሪያው ላይ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ግዛቲቱ ሁሉም ዶርሞች እንዲያስገቡ በሕግ አስገደደች። የእናንተ ኮሌጅ ያን ይግዛ አልልም፣ አቅሙን አውቃለሁ። አንቺ ግን ደወል በጮኸ ቁጥር ተነሺ። በሩን ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከጋለ አትክፈቺ፤ ከሥሩ ባለው ክፍተት እርጥብ ፎጣ ወትፊና በመስኮት ተጣሪ። ካልጋለ ዝቅ ብለሽ ውጪ፣ ስትወጪ በሩን ከኋላሽ ዝጊው። ላፕቶፑ ይቅር። እውነቴን ነው፣ ይቅር።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። የጻፍሽልኝን ልጅ ስም አይቼ ዝም ልል አልቻልኩም። ሌሊት ኮሪደር ላይ ትንጎራደዳለች፣ ከሰው አትገጥምም፣ ሦስተኛው ቀን ቀድማ የጮኸችው እሷ ናት። እና? ሌሊት የማይተኛ ሰው ጭስ ቀድሞ ቢያይ ምን ይገርማል? ፎቶዋን የዶርም ግሩፕ ላይ ለጥፈው ሲሳደቡ አንቺም የሳቅ ምልክት አድርገሻል። አጥፊው። በሴተን ሆል መርማሪዎቹ ሁለት ተማሪዎችን ለመክሰስ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ልጆቹ ጥፋታቸውን ያመኑት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እናንተ በአንድ ማታ ፈረዳችሁ። ያየሽው ነገር ካለ ያየሽውን ብቻ፣ ሰዓቱን ጨምረሽ፣ ለፖሊስ ንገሪ። «ይመስለኛል» የሚለውን ለራስሽ ያዢው። ደግሞ ያቺ ልጅ እንቅልፍ አጥታ የምትንጎራደድ ከሆነ ከመጠርጠር ይልቅ ምን ሆነሽ ነው ብሎ የሚጠይቃት ሰው ሳያስፈልጋት አይቀርም።

ኮሌጁስ ምን ያድርግ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ መልሱን ይዘሽ ሂጂ። ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ የሚከፈት በር አለ። ደረትሽ ላይ በሚደርስ አግዳሚ ብረት ገፋ ስታደርጊው ይለቃል። ውድ ነው ካሉ፣ ከውስጥ የሚሳብ መቀርቀሪያ ይበቃል። እዚህ ዓባይ ማዶ ያለ ብየዳ ቤት ሁሉ በግማሽ ቀን የሚሠራው ነገር ነው። እስከዚያ ከጨመሯቸው ጥበቃዎች አንዱን ከበሩ ውጭ ያስቁሙት። ሌባ እንዳይገባ ሰው መጠበቅ ይችላል፤ ሰንሰለት ግን ሌባና ተማሪ አይለይም። እኔ የሠራሁበት ፋብሪካ ጥጥ የሞላበት ነበር፣ ብናኙ እንኳ ክብሪት አይፈልግም። ዕቃ ይሰረቃል ተብሎ እንኳ ሠራተኛ ውስጥ እያለ በር አይቆለፍም ነበር። አለቆቻችን ስለ ሌላው ነገር ብዙ ባማቸው ደስ ይለኛል፣ በዚህ ግን አላማቸውም።

የእሳት ማጥፊያውንም ለጌጥ አይስቀሉት። ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዪ። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ፒኑን ነቅለው፣ አፈሙዙን ወደ እሳቱ ሥር አዙረው፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ያሳዩዋችሁ። የከተማችሁን የእሳት አደጋ ስልክም በየፎቁ ይለጥፉ።

ለዲኑ ብቻሽን አትሂጂ። የተማሪ ኅብረት ተወካዮችን ይዘሽ፣ በጽሑፍ አስገቢ፣ የገባበት ቁጥር ይጻፍልሽ። ቃል ሲሰጡ ቀን ጠይቂ። ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፣ ግን «እናያለን» ተብለሽም አትውጪ። መንገዱ እንዲህ ባይሆን እኔው እመጣ ነበር።

ትንሽ ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። የእጅ ባትሪ ግዢበት፣ ትራስሽ ሥር አድርጊው። የስልክሽ መብራት አይበቃም፣ ሌሊት ሌሊት ቻርጁን ጨርሰሽ እንደምትተኚ አውቃለሁ። የተረፈውን እንደፈለግሽ። እናትሽ የዘጌ ቡና ቆልታ አስፈጭታለች፣ የጎረቤታችን ልጅ ወደዚያ ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል። ስለ እሳቱ እንዳትነግሪው፣ ወሬ አይቋጥርም።

ዲኑ ምን እንዳለ እስከ ዓርብ ጻፊልኝ። አልከፍትም ካለ ስልኩን ላኪልኝ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

አባትሽ
ባሕር ዳር፣ ሽንብጥ