ቀልጣፋ ማለት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «ቀልጣፋ አይደለሽም ተባልኩ» ስትይኝ ድምፅሽ ተቆራረጠ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣችም። ኃላፊሽ የፈለገችው ቶሎ ቶሎ እንድትሠሪ ይመስለኛል። እሱ ግን ፈጣን ነው የሚባለው።

አሁን ቃሏ የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለችው። «ቀልጣፋ አገልግሎት» ይላል፤ ወረፋው ቶሎ ይለቅ ለማለት። እኔ ሳድግ የማውቃት የእጅ ቃል ሆና ነው።

አያትሽ እንጀራ ስትጋግር ትዝ ይልሻል? ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል ታመጣዋለች። እጇ መንገድ ላይ አይቆምም፣ ያለፈበትም አይመለስም። ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ትከድናለች። እስኪበስል ሰፌዱን ታቀርባለች። ላያት ሰው የቸኮለች አትመስልም፤ ግን ከማንም በፊት ጨርሳ ቡና ታፈላለች። «ምን ዓይነት ቀልጣፋ ሴት ናት!» ይል ነበር ሰፈሩ።

እኔ በ14 ዓመቴ እሷን ልመስል ብዬ ተጣደፍኩ። ሊጡ አንድ ጎኑ ወፈረ፣ ሌላው ተበሳሳ፣ የተረፈው መሬት ላይ ፈሰሰ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለችኝ። ጣሳውን ግን አልቀማችኝም። ከኋላዬ ቆማ እጄን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ አዞረችው። ያ ዙር እስካሁን ክንዴ ላይ አለ።

ለምላስም እንላለን እኮ። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል ሲባል ይለፈልፋል ማለት አይደለም። ቃሉ ሳይደናቀፍ ይወጣለታል ማለት ነው። ለእኔ የቀልጣፋ ተቃራኒ ቀርፋፋ ብቻ አይደለም፤ ዝርክርክም ነው። ለብ ለብ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ቀልጣፋ ሲባል ስሰማ ያናድደኛል።

አምና አባትሽ ታሞ የተኛ ጊዜ ክንዱን ሦስቴ ወግተው ደም ስሩን አጡት። አንቺ ገባሽ። መርፌውን አስቀምጠሽ ክንዱን በጣትሽ ዳበስሽ። ዝም ብለሽ ቆየሽ። እኔ እንዲያውም «ምን ትጠብቃለች?» ብዬ ነበር። ከዚያ አንዴ ወጋሽ፤ ገባ። አባትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ጀመርሽ እንዴ?» አለሽ። አንቺ ፕላስተሩን እየለጠፍሽ ነበር።

የዚያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ በጭንቀት አለፈኝ።

ለቅዳሜ እንዲደርስ ሊጡን ዛሬ አቡክቻለሁ። ነይና አብረን እንጋግር።

እናትሽ