በመጨረሻው ቀን ስኩባ ለምን ቀረ?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

አዲሱን የጅቡቲ ጉዞ ፕሮግራም ከላክንላችሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። «አራተኛው ቀን ላይ ስኩባ ለምን ቀረ? ባሕሩ እዚያው፣ እኛም እዚያው!» ልክ ናችሁ፤ ምክንያቱን አብረን መጻፍ ነበረብን።

ምክንያቱ አዲስ አበባ ናት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። በስኩባ፣ ማለትም የአየር ታንክ አዝሎ፣ ጠልቆ የወጣ ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት የለበትም።

10 ሜትር ስትጠልቁ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ግፊት ባሕር ዳርቻው ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። ከታንኩ የምትስቡት አየርም በዚያው ግፊት ነው የሚገባው። ያኔ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ከውሃው ከወጣችሁ በኋላ ቀስ እያለ በትንፋሽ ይወጣል፤ ግን ሰዓታት ይፈልጋል። ሳይወጣ ወደ ከፍታ ወጥታችሁ ግፊቱ ከቀነሰ አረፋ ሊሆን ይችላል። የአምቦ ውሃ አስቡ። ጠርሙሱ እንደተዘጋ አረፋ አይታይም፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ይፈላል። ያ አረፋ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ያማል። ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ከገባ ደግሞ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል።

በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሊሳሳ ይችላል። ባሕር ዳር ላለ ከተማ ነዋሪ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነገሩ አለቀ። እኛ ግን ቦሌ ወርደንም፣ ቤት ገብተንም፣ ተኝተንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን። «በባቡር ብንመለስስ?» ላላችሁን፣ ባቡሩም ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰን እዚሁ ነው።

ለጠላቂዎች ደኅንነት የሚሠራው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ ብዙ ጊዜ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። እኛ 24 አድርገነዋል። ቀድሞ ሰዓቱን ቆጥረን፣ ጠዋት አስጠልቀን በማግስቱ ማለዳ እናሳፍር ነበር። አንድ ጊዜ ባሕሩ ተናወጠና የጠዋቱ መጥለቅ ወደ ከሰዓት ተገፋ። ሰዓቱ ስላልሞላ የሁሉንም ትኬት ለመቀየር ተገደድን። ያን ዕለት ማታ ነው ይህን ውሳኔ የወሰንነው።

አራተኛው ቀን ግን ባዶ አይደለም። የስኖርክል ቀን ነው፤ በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሳችሁ ውሃው ወለል ላይ ተንሳፍፋችሁ ወደ ታች ታያላችሁ። ስኖርክል ላይ የምትተነፍሱት ከውሃው በላይ ያለውን አየር ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወጣት ዌል ሻርኮች ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ። ሻርክ ይሁኑ እንጂ ምግባቸው ፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን ነው፤ ሰው አይነኩም። አፋቸውን ከፍተው ከውሃው ወለል አጠገብ ስለሚሄዱ በስኖርክል ማየቱ ይበልጣል ባዮች ነን። አትንኳቸው፤ መንገዳቸውንም አትዝጉ። ከጭራቸው ራቁ፣ ኃይለኛ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን እንደ በፊቱ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ላይ ነው፤ የምንጠልቅበት ጊዜ ብዛት አልቀነሰም። ለጀማሪዎች ከ12 ሜትር በታች አንወርድም። ደሴቶቹን የከበበው ባሕር ጥብቅ ክልል ስለሆነ አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ ኮራል ላይ አትቁሙ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው እንስሳ ነው። ድፍን ድፍን የሚሉት ዓይነቶች በዓመት 1 ሴንቲሜትር እንኳ ላያድጉ ይችላሉ። አንድ እርግጫ የብዙ ዓመት ዕድገት ይሰብራል። አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ነን፤ ዋና የማይችል ሰው ሲደነግጥ እግሩ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ ዋና የማትችሉ ሁሉ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ከጀልባ አትወርዱም። ማፈር አያስፈልግም፤ በጃኬት ተንሳፍፎ ሁሉንም ማየት ይቻላል።

ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠልቅም። አፍንጫው ከተዘጋ የጆሮውን ግፊት ማስተካከል ስለማይችል ታምቡሩ ሊጎዳ ይችላል። በዋዜማው ቢይዛችሁም ንገሩን፤ የስኩባውን ሂሳብ እንመልሳለን።

ከቡድኑ በኋላ አንድ ቀን ጅቡቲ የምትቆዩ ካላችሁ አራተኛው ቀን ላይ መጥለቅ ትችላላችሁ። የመመለሻ ትኬታችሁን ሰዓት ብቻ ቀደም ብላችሁ ላኩልን፣ ቆጥረን እናሳውቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ቡድናችሁ