ስለ ጸሎትና አንጎል የወጣው ጽሑፍ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጸሎትና አንጎል የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ ጋዜጣ መነሳቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሳይንስ የእግዚአብሔርን ማደሪያ አንጎል ውስጥ እንዳገኘ ተደርጎ መጻፉና ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ምስል አብሮት መውጣቱ እዚህ ሀዋሳ ክርክር አስነስቷል። አንዱ ወገን ምስሉን ለእምነቱ ማስረጃ ብሎ በስልክ ይቀባበለዋል፤ ሌላው በዚያው ምስል «እምነት የነርቭ ሥራ ብቻ ነው» ይልበታል። ምስሉ ግን ሁለቱንም አይልም።

እንዲህ ያለውን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ የተባለው ማሽን የሚያየው ሐሳብን ሳይሆን ደምን ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፤ ጭማሪው ጫፍ የሚደርሰውም ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከምናወጣው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ እንቅልፍ ላይ ሆነን እንኳ ሥራ አያቆምም። የሚጸልይ ሰው አንጎል ለብቻው ቢታይ ታዲያ ሁሉም ቦታ እየሠራ ነው። ቀይ ነጠብጣቡ የሚገኘው በመቀነስ ነው፦ ሰውየው ለምሳሌ 30 ሰከንድ ይጸልያል፣ ቀጥሎ 30 ሰከንድ ሌላ ነገር ያስባል፣ ይህም ይደጋገምና የሁለቱ ልዩነት ይሰላል። ያ «ሌላ ነገር» ሲለወጥ ምስሉም ይለወጣል። ስለዚህ የአንጎል ምስል ያየ ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ሞንትሪያል 15 የካቶሊክ የቀርሜሎስ ማኅበር መነኮሳይያት የተሳተፉበትን ጥናት እንውሰድ። እናቶቹ እግዚአብሔር በተፈለገ ሰዓት ተጠርቶ እንደማይመጣ ስለተናገሩ፣ የተጠየቁት ከፈጣሪ ጋር እጅግ የቀረቡበትን ሰዓት እንዲያስታውሱ ነበር። ማነጻጸሪያው ከሰው ጋር እጅግ የተቀራረቡበትን ጊዜ ማስታወስ ነው። እንግዲህ የተለካው ትዝታ ነው። የታየውም ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን በብዙ የአንጎል ክፍሎች ላይ ተበትኖ ነው፤ «ማደሪያ» የሚባል ነገር ከዚህ አይወጣም።

በዴንማርክ ኦርሁስ 20 ክርስቲያኖች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት ይበልጥ ያስተምራል ብለን እናምናለን። ተሳታፊዎቹ «አባታችን ሆይ»ን በልባቸው ደገሙ፣ በራሳቸው ቃል ጸለዩ፣ ለገና አባትም ምኞታቸውን ተናገሩ። በራሳቸው ቃል ሲጸልዩ ጎልተው የታዩት የሌላውን ሰው ሐሳብ ለመረዳት ስንሞክር የሚሠሩት ክፍሎች ናቸው። ይህ አማኙ ከአንድ አካል ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ያሳያል እንጂ ያ አካል ስለመኖሩ ወይም ስላለመኖሩ ምንም አይናገርም። ሌላም ነገር ያሳያል፤ ውዳሴ ማርያም መድገም፣ ዱዓ ማድረግና ጓዳ ገብቶ በራስ ቃል መማለድ ሁሉም ጸሎት ቢባሉም ለአንጎል አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም።

ደግሞም ኤምአርአይ ውስጥ የሚጸለየው እንዴት እንደሆነ አንባቢ ማወቅ አለበት። ሰውየው በጀርባው ይተኛል፤ ራሱ እንዳይነቃነቅ ግራና ቀኙ በስፖንጅ ይያዛል፤ ማሽኑ በጣም ስለሚጮህ ጆሮው ይደፈናል። አንጎሉ የሚቀረጸው ጎናቸው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ጥቃቅን ኩቦች ተከፋፍሎ ስለሆነ ጭንቅላቱ ያንኑ ያህል ከተንቀሳቀሰ መረጃው ይበላሻል። በአንገት ያለ የብረት መስቀል ይወልቃል፤ ጸናጽል በበሩ አያልፍም። ስግደት የለም፣ ሩኩዕና ሱጁድ የለም፣ ጭብጨባና እልልታ የለም። የእኛ አገር ሰው ቆሞ፣ ተንበርክኮና በግንባሩ ተደፍቶ የሚጸልየው ጸሎት እዚያ ማሽን ውስጥ ገብቶ አያውቅም ብንል ማጋነን አይሆንም።

በልሳን መጸለይን ያጠኑት የአሜሪካ ፔንሲልቫንያ ተመራማሪዎች በዚሁ ምክንያት ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። መርፌው አስቀድሞ ክንድ ላይ ይተከላል፤ ሴትዮዋ በልሳን መናገር ስትጀምር አነስተኛ ጨረር ያለው ፈሳሽ በደም ሥሯ ይገባና በዚያች ሰዓት ደም በበዛበት የአንጎል ክፍል ይቀራል፤ ምስሉ የሚነሳው በኋላ ነው። ማነጻጸሪያው መንፈሳዊ መዝሙር መዘመር ነበር። ንግግርንና ፈቃድን በሚመራው የአንጎል የፊት ክፍል የደም ፍሰቱ ቀነሰ፤ ይህም «እኔ አይደለሁም የምናገረው» ከሚሉት ጋር ይስማማል። ግን የተጠኑት 5 ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ጽሑፋችሁ ይህን ቁጥር መዝለሉ ትልቅ ጉድለት ነው።

የስሌቱም ነገር አለ። በ100,000 ኩቦች ላይ እያንዳንዱን በ5 በመቶ የስህተት ዕድል ብንመረምር ምንም ነገር ሳይኖር 5,000 ያህሉ «በርተው» ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «አሳዩት»፤ እንዲህ ያለውን የአጋጣሚ ስህተት የሚያስወግድ እርማት ባልተደረገበት ስሌት የሞተው ዓሣ አንጎል ሲሠራ ታየ። እርማቱ ሲደረግ ጠፋ።

ከሁሉ ያሳሰበን ግን የጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ ነው፤ የሚጥል በሽታን ከ«መንፈሳዊ አንጎል» ጋር አያይዞ ጸሎት መድኃኒትን እንደሚተካ ያስመስላል። በጎን የአንጎል ክፍል ከሚነሳ የሚጥል በሽታ ጋር ሃይማኖታዊ ስሜት የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ጥቂቶች ናቸው። ቡታጅራ አካባቢ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ አንቀጽ ብዙ ቤት ይገባል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኖባርቢታል የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ አንጎሉ የለመደውን ማርገቢያ ያጣና ተከታታይ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህ ይገድላል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ማታ ስለሚወሰድ ከጾም ጋር አይጋጭም፤ ጸበል የገባም፣ የሚጸለይለትም ሰው አብሮ ሊውጠው ይችላል። በጋናና በናይጄሪያ በ307 የከባድ አእምሮ ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የጤና ባለሙያዎች ከእምነትና ከባህል ፈዋሾች ጋር ተባብረው ሲሠሩ ሕመምተኞቹ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አረጋግጧል።

በሚቀጥለው እትም ቢያንስ ይህ የመጨረሻው አንቀጽ፣ መጀመሪያ በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እንዲታረም እንጠይቃለን።

የሥነ ልቦናና የነርቭ ሕክምና መምህራን
ሀዋሳ