ሽፍታው ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ሕመም

ውድ አዘጋጅ፣

አልማዝ ባለጭራ ደርቆ 3 ወር ካለፈው በኋላም የልብስ ንክኪ እንኳ እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው ሰዎች አሉ። የተጎዳው ነርቭ ስለሆነ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ደጋግሞ መዋጥ እምብዛም አይረዳም፤ ኩላሊትን ግን ሊጎዳ ይችላል። የሚሻለው ሐኪም የሚያዘው አሚትሪፕቲሊን (ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ይጀመራል) ወይም ጋባፔንቲን ነው። ለውጡ ሳምንታት ስለሚፈጅ ብዙዎች በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል፤ ያሳዝናል። የልብ ምት መዛባት ወይም ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት አስቀድሞ ይናገር፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የጋባፔንቲኑ መጠን ይቀነሳል።

ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሲክሎቪር የተባለውን ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ቢጀምሩ ይመረጣል። ሰዓቱ አልፏል ተብለው ግን መመለስ የለባቸውም! ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ገና እየወጣ ከሆነ መድኃኒቱ ይገባቸዋል። ዓይን አካባቢ ከወጣ ወይም ገላ ላይ ከተሰራጨ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።