ደብዳቤ ለልጄ፦ ስልሳውን ማን ሰጠው?

ጅማ፣ ጥቅምት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ለቀማ ተጀምሯል፤ ዝናቡ ግን አልወጣ ብሎ ማድረቂያው አልጋ ላይ ያሰጣነውን ቡና ስንሸፍንና ስንገልጥ እንውላለን።

ሁለቱን ሥራዎች በነጥብ እየመዘንክ ያወዳደርክበት ሰንጠረዥ ደርሶኛል። የአዲስ አበባው ባንክ 78፣ የጅማው የቡና ቅምሻ ሥራ 64። ከሥሩ ደግሞ «ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?» ብለሃል። ሠላሳ ዓመት የማኅበር ሒሳብ የያዝኩ ሴት ነኝና መጀመሪያ ድምሩን አጣራሁ። ልክ ነው።

ቅምሻ ተምረሃልና አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአገራችን የቡና ደረጃ አሰጣጥ ጥሬ ፍሬው 40፣ በስኒ ሲቀመስ ያለው ጣዕም 60 ነጥብ ይይዛል። ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ ሲተፋ ምላሱን ያምናል፤ ስልሳውን ግን ምላሱ አልሰጠውም፣ ቡናውም አልሰጠውም። ቡና ከሁሉ በፊት የሚጠጣ ነገር ነው ብለው አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ናቸው የሰጡት። ለዘር የሚመርጥ ሰው ሌላ ሚዛን ያወጣ ነበር።

ወደ አንተ ሰንጠረዥ ልመለስ። ለደመወዝ የሰጠኸው ክብደት 40። ይህን ቁጥር ሳይ ሳቄም እንባዬም መጣ፤ የማን እንደሆነ አውቃለሁና። የእኔ ነው። አባትህ በሞተ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ስንቆጥር፣ በየማታው «የወር ደመወዝ ያለው ሰው ታድሏል» እያልኩ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ለዚያ ዓመት እውነት ነበር። አንተ ግን የራስህን ኑሮ በእኔ ፍርሃት መዘንከው፤ ሒሳብ ታማኝ ነውና የእኔን መልስ አወጣልህ።

መደርደሪያው ላይ ትተኸው በሄድከው ደብተር፣ የስኮትላንዱ ፈላስፋ ሂዩም አእምሮ የስሜት ባሪያ ነው ማለቱን ጽፈሃል። ግማሹን እቀበላለሁ፤ ምን መውደድ እንዳለብን ስሌት አይነግረንም። ነገር ግን አገልጋይም ቢሆን «እመቤቴ፣ በዚህ መንገድ እዚያ አይደረስም» የሚልበት ጊዜ አለ።

አባትህ የተከለውን ቡና አላስጎነድልም፣ ግንዱ ተቆርጦ ከጉቶው እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ አላደርግም ብዬ ስንት ዓመት እንደተሟገትኩ ታስታውሳለህ። ዛፉ ረዝሞ ጫፉ ላይ ብቻ ያፈራል፤ እኛ በቆልማማ እንጨት እየጎተትን እንለቅማለን። ጎረቤቶቻችን ነቅለው ጫት ተከሉ፤ በዓመት ደጋግሞ ስለሚቆረጥ በገንዘብ ሲሰላ አልተሳሳቱም። እኔ ግን የምፈልገው የአባትህ ቡና እንዲኖር ነበር። የግብርና ባለሙያው አንድ ቀን መጥቶ «እንዲቆም ነው ወይስ እንዲያፈራ?» አለኝ። ተናደድኩበት። ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ ግን፣ ለአባትህ ፍቅር እያልኩ የምጠራው ነገር ግማሹ ምርት የማይገኝበትን ሁለት ዓመት መፍራት ሆኖ አገኘሁት። ቡናው ደግሞ በዚህ መሃል እየሞተብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ሲሶውን ብቻ አስጎነደልን። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይተኛበት በሰያፍ። መጋዙ ሲጀምር ቤት ገባሁ፤ ማየት አልቻልኩም። ዝናብ ሲገባ ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያው እንደ ጎመን ተንዠረገገ። ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ትተን ሌላውን አነሳን። ዓመታት አልፈው አሁን የምለቅመው ከእነዚያ ነው፤ ቆሜ እጄን ስዘረጋ እደርስበታለሁ።

ስለዚህ ሰንጠረዡን አትቅደደው። የክብደቱን ዓምድ ብቻ አጥፍቼ መልሼልሃለሁ፤ ራስህ ሙላው። «ለእናቴ ቅርብ መሆን» ብለህ የሰጠኸኝን 10 ነጥብ ተወው፣ እኔ ነጥብ አልፈልግም። ቅምሻውን ደግሞ ደህና አድርገህ መርምረው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አማርሮህ ብቻ ከሆነ፣ ጅማም ስትመጣ የሚያማርር አታጣም። ባንኩ በራስህ ሚዛን ካሸነፈም እሰየው።

የመጨረሻው ሲሶ በመጪው ጥር ይጎነደላል። ባንክ ገባህም አልገባህም መጋዙን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ።

እናትህ