«ፎርማት አድርጉልኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አሠራራችንን ስለቀየርን ነው። ከአሁን በኋላ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለማድረግ (ሪሴት የሚባለው፣ ብዙዎቻችሁ «ፎርማት» የምትሉት ሥራ ነው) ኮምፒውተር ስታመጡ ተቀብለን ወዲያው አንጀምርም። መጀመሪያ አብረናችሁ ቁጭ ብለን እንጠይቃችኋለን። አንዳንዶቻችሁ «ድሮ በሰዓታት ትጨርሱ ነበር፣ አሁን ምን ነካችሁ?» ብላችሁናል። ምክንያቱን የማወቅ መብት አላችሁ።

ባለፈው ክረምት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የምትሸጥ ደንበኛችን ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ማሽኑ በጣም ተንቀራፎ ነበር። «ፋይሎቼ ብቻ እንዳይነኩብኝ» አለችን። እኛም ከሪሴት ምርጫዎች ውስጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውን ነክተን ለቀቅነው። ሲያልቅ ፎቶዎቿ አሉ። የዎርድ ሰነዶቿ አሉ። ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ሁሉ አለ። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የያዘችው ሂሳብ ግን የለም። የሁለት ዓመት ሽያጭና ዱቤ የወሰደ ሰው ሁሉ ስም አብሮ ሄደ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከደረሰኞቿ ላይ እያየን መልሰን ስናስገባ ሳምንታት ፈጀብን፤ ከፊሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ፋይሎቼን አስቀር» የሚለው ምርጫ የሚያስቀረው በእናንተ የተጠቃሚ ስም ሥር ያለውን ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ። በቴሌግራም ያወረዳችሁትም ብዙ ጊዜ ዳውንሎድስ ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል። የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን በሙሉ ይነሳሉ። ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያስቀምጠው በራሱ ፎልደር ውስጥ ከሆነ መረጃውም አብሮ ይነሳል። የእህታችን ሂሳብ የጠፋው በዚህ ነው። ዊንዶውስ የተነሱትን ፕሮግራሞች ስም ዝርዝር ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ዝርዝሩ ግን ስም ብቻ ነው፤ በውስጣቸው የነበረውን አይመልስም። ስለዚህ የሂሳብ ሥራ ያላችሁ ሰዎች፣ እኛ ጋ ከመምጣታችሁ በፊት ከፒችትሪው ውስጥ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አውጥታችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ። ካልቻላችሁ አምጡት፣ አብረን እናወጣዋለን። ገንዘብ አንጠይቅበትም።

ሁለተኛው ምርጫ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ነው። ሁሉንም ያጠፋል። እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ዊንዶውስ ያለበት ድራይቭ ብቻ ይጥፋ ወይስ ሁሉም? ብዙዎቻችሁ ፎቶና ቪዲዮ የምታስቀምጡት ዲ በሚባለው ድራይቭ ላይ ነው። የጥምቀትና የሠርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች በተለይ፣ ሥራችሁ በሙሉ እዚያ እንዳለ እናውቃለን። ቤት ውስጥ ራሳችሁ የምትሞክሩ ከሆነ እዚህ ቦታ ላይ ረጋ በሉ። ሳያነቡ «ኔክስት» ማለት የዓመት ሥራ ያስከፍላል። ደግሞ ዲ ሌላ ዲስክ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የአንዱ ዲስክ ቁራጭ ነው። ዲስኩ ከተበላሸ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ዲ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ አይደለም።

ኮምፒውተሩን ልትሸጡት ወይም ለሰው ልትሰጡት ከሆነ ንገሩን። ያኔ ዲስኩን በደንብ የሚያጸዳውን አማራጭ እንጨምርበታለን። ሰዓታት ይወስዳል፣ ግን ፈጥኖ የተሰረዘ ፋይልን በቀላል ፕሮግራም መልሶ ማውጣት ይቻላል።

አሁን ከሪሴት በኋላ በብዛት ወደሚደወልልን ነገር እንምጣ። «የአማርኛ ሰነዶቼ ተበላሹ፣ የፈረንጅ ፊደል ሆኑ» ትሉናላችሁ። አልተበላሹም። የድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች አማርኛውን ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። አማርኛ መስሎ የሚታየው በፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ በያዘው ፋይል ነው። ሪሴት ሲደረግ ፎንቱ ስለሚነሳ ጽሑፉ ዝብርቅርቅ ይላል። ያው ፎንት ሲጫን ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ሰነዱን አትንኩት፣ አስተካክላለሁ ብላችሁም ሴቭ አታድርጉት። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ተማሪዎች እባካችሁ ይህን ያዙ። በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ የተጻፈ ጽሑፍ ይህ ችግር የለበትም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ኒያላ በሚባለው ፎንት የጻፋችሁት ሰነድ መልኩ ተቀይሮ ቢታይ፣ በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ኒያላ ለብቻው ስለሚጨመር ነው። እኛ እንጨምረዋለን። ከአሁን በኋላ ደግሞ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ፎንቶቻችሁን ለብቻ ገልብጠን እናስቀምጣለን።

ከውጭ አገር ዘመድ የላከላችሁ ላፕቶፕ ከሆነ አንድ ነገር አጣሩ። አንዳንዶቹ ዲስካቸው ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ዊንዶውሱ አልነሳ ብሎ ከጥገናው ገጽ ሪሴት ስናደርግ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ያለው መጀመሪያ ማሽኑን ባስነሳው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ወንድምዎ ከፍቶት ከሆነ የላከው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ያለ ቁልፉ በውስጡ ያለውን ፋይል እኛም ሆንን ሌላ ባለሙያ ማውጣት አንችልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውሉለት።

መብራትም አለ። ሪሴት እየተካሄደ መብራት ቢጠፋ ዊንዶውሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ያድነዋል፤ ዊንዶውስ ራሱም ቻርጀር ካልተሰካ አልጀምርም ይላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ የባትሪ ሳጥን) ሳይኖር ቤት ውስጥ ባትሞክሩ እንመርጣለን። በኢንተርኔት አውርዶ የሚጭነው አማራጭ ደግሞ 4 ጊጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። በሞባይል ዳታ ከሆነ አስቡበት። ማሽኑ ውስጥ ካለው ፋይል የሚጭነው ዳታ አይፈልግም።

አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ፤ ሪሴት ሁሉን አያድንም። ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ «ሪሴት አድርጉትና 11 ይሁንልኝ» የሚሉን በዝተዋል። ዊንዶውስ 10 ሪሴት ሲደረግ ያው 10 ሆኖ ነው የሚመለሰው። ወደ 11 መሄድ ሌላ ሥራ ነው፣ ማሽኑም መቻል አለበት። የዝግታው ምክንያት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሪሴቱ ለጥቂት ሳምንት ያስደስታችሁና ዝግታው ይመለሳል። እዚያ ላይ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ መግጠም ይሻላል። ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለው ጭራሽ ሪሴት አታድርጉ። አጥፉትና አምጡት። መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ።

በሾርትከት ቫይረስ (ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት በሚያስቀምጠው) ተቸግራችሁ ከመጣችሁ ፍላሾቻችሁንም አብራችሁ አምጡ። ማሽኑ ጸድቶ ፍላሹ ካልጸዳ በማግስቱ እዚያው ነን። ፍላሹ ውስጥ የጠፉ የመሰሏችሁ ፋይሎችም ብዙ ጊዜ ተደብቀው ነው ያሉት። ፍላሹን ፎርማት አታድርጉት።

እንግዲህ አሠራራችን ይህ ነው። ስትመጡ በምን ፕሮግራም እንደምትሠሩ፣ ፋይላችሁ የት እንዳለና ማሽኑን ማን እንደከፈተው እንጠይቃለን። ከዚያ የምትነግሩንን ሁሉ በእኛ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠን፣ እናንተ አይታችሁ «አዎ፣ ይሄው ነው» ስትሉ ብቻ እንጀምራለን። ቅጂውን 15 ቀን እናቆየዋለን። በእነዚህ ቀናት ማሽናችሁን ከፍታችሁ ሁሉንም ፈትሹ። ከ15 ቀን በኋላ የግል ፋይላችሁ እኛ ጋ እንዳይቀመጥ እናጠፋዋለን። በዚህ የተነሳ ጠዋት ያመጣችሁትን በማግስቱ ትወስዳላችሁ። ዋጋው አልተጨመረም።

ስትመጡ ቻርጀራችሁን አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ
ፒያሳ፣ ጎንደር