ደንቀዝም ከተማ ነበረች

ውድ አዘጋጅ፣

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ስለ ፋሲል ግንብ ሲጻፍ ደስ ይለኛል። ከጎንደር በፊት ስለነበሩት ከተሞች ግን የሚያነሣ ሰው ማጣቴ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ከአጎቴ ልጅ ጋር ደንቀዝ ወጣን። የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ የነበረችው፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብረው ደንቀዝ። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ እንደቆመ ነው፣ ጣራ የለውም። በስንጥቁ መሐል ዛፍ በቅሎ ሥሩ ድንጋዩን እየፈነቀለው ነው፤ ኖራውን በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ። እዚያ በግ የሚጠብቅ ልጅ አገኘንና "ይሄ የማን ቤት ነው?" ስለው "የንጉሥ" አለኝ። የትኛው ንጉሥ? "እንጃ።"

ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ማን ነግሮት!

የዚያ ዘመን ነገሥታት ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይሰፍራሉ፣ ሠራዊቱም ነጋዴውም ተከትሎ ይሰፍራል፣ ገበያ ይቆማል፣ ከዚያ የአካባቢው ማገዶ ሲያልቅ ወይ ንጉሡ ሲለወጥ ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣል። ደንቀዝም እንዲሁ ሆነች። ሱስንዮስ እንደ ፈረንጆቹ በ1632 በሃይማኖት ጦስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ ልጅየውም ከአራት ዓመት በኋላ ጎንደርን ቆረቆሩ። የእኛ ከተማ ስትወለድ ደንቀዝ ባዶዋን ቀረች።

ጎንደርም ቢሆን ለጥቂት ነው የተረፈችው። በ1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ዘረፏት፣ አቃጠሏት፤ በ1880 ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ ድርቡሽ፣ መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አነደደ። እንደኔ እንደኔ ያተረፋት ቤተ መንግሥቱ አይደለም፣ የመተማ መንገድ ገበያዋና አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ፣ ሊማር የሚመጣው ተማሪ ነው። ደንቀዝ ይሄ አልነበራትም።

የእንፍራዙ የጉዛራ ግንብ እንኳ ከባሕር ዳር መንገድ ላይ ሆኖ ስለሚታይ መንገደኛው "ያ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ደንቀዝን ግን ሆን ብሎ ያልወጣ ሰው አያያትም።

እባካችሁ የሚመለከታችሁ ሰዎች፣ ብዙ አልጠየቅንም። ዛፉን ግድግዳውን ሳይጎዳ የሚያነሣ ባለሙያ ይላክ። ከአስፋልቱ ላይ "ወደ ደንቀዝ" የሚል አንድ ታፔላ ይተከል። የአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ልጆቹን ይዘው ይውጡ፣ በእግር እንኳ ይሆናል። ግን ክረምቱ ሳይገባ ይሁን፤ ያ ኖራ ዝናብ የሚችል አይመስለኝም።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር